ሃሶ ፎን ማንቶይፈል፦ ስለ ጀርመኑ የታንክ ጄኔራልና ስለ ኒሻኖቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፍኩ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጀርመን ታንኮች ናቸው። ጠያቂዎቹም ባብዛኛው ወጣቶች ናቸው። የታንኩን ዓይነት፣ የመድፉን ልክ፣ የአዛዡን ስም አንድ በአንድ ይጠሩታል። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሰሙት ከጌም ነው። ከስሞቹ መካከል ደጋግሞ የሚነሳው ማንቶይፈል ነው፤ አንገቱ ላይ በሚያስረው መስቀል አናት አልማዝ የተጨመረለት ሰው ስለሆነ። ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልለምናችሁ። ስለ ኒሻኖቹ ብቻ አንብባችሁ እንዳታቆሙ። በ1944 ዩክሬን ውስጥ ስለተረሸነው የ19 ዓመት ወታደር የሚናገረውን ክፍልም አንብቡት።

ማንቶይፈል ማን ነው?

ሙሉ ስሙ ሃሶ ኤካርድ ፍራይሄር ፎን ማንቶይፈል ነው። «ፍራይሄር» የባላባት ማዕረግ ነው፤ ባሮን እንደ ማለት። ጃንዋሪ 14 ቀን 1897 በርሊን አጠገብ ባለችው ፖትስዳም ተወለደ። ዘሩ የድሮ የፕሩሲያ መኳንንት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ወንድ ልጅ ወታደር መሆኑ ብዙም አያከራክርም ነበር። እሱም ገና በልጅነቱ ካዴት ትምህርት ቤት ገባ።

ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን ነበር። በፎቶዎቹ ላይ ከሌሎች መኮንኖች ጋር ሲቆም ከሁሉም ዝቅ ብሎ ይታያል። ፈረስ ጋላቢና ስፖርተኛ ነበር፤ ፔንታትሎን (አምስት ስፖርቶችን ያጣመረ ውድድር) ይወዳደር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሻለቃ አዛዥነት ተነስቶ በሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ አንድ ሙሉ የፓንዘር (የታንክ) ጦር እስከ መምራት ደረሰ።

ፈረሰኛ ወታደር እንዴት የታንክ አዛዥ ሆነ?

በ1916 የገባው ሁሳር በሚባል ቀላል ፈረሰኛ ሬጅመንት ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ግንባር ላይ ቆሰለ። ጦርነቱ ሲያልቅ የቬርሳይ ስምምነት የጀርመንን ጦር በ100,000 ሰው ገደበው፤ ታንክም ከለከለው። ማንቶይፈል ከተረፉት ጥቂት መኮንኖች አንዱ ሆኖ እዚያው ፈረሰኛ ክፍል ቀረ።

ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ስምምነቱ ተጣሰ። በ1935 የመጀመሪያዎቹ ሦስት የፓንዘር ክፍለ ጦሮች ተመሠረቱ። ብዙ ፈረሰኛ መኮንኖች ወደዚያ ተዛወሩ። ነገሩ ግልጽ ነው። የፈረሰኛ ሥራ በፍጥነት መሄድ፣ ቀድሞ ማየትና ቦታው ላይ መወሰን ነው። የታንክም ሥራ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚጋለበው ነገር ብቻ ነው። ማንቶይፈል ሃይንዝ ጉደሪያን ይመራው በነበረው በ2ኛው የፓንዘር ክፍለ ጦር የሞተር ሳይክል ወታደሮችን አዘዘ። ከዚያ ወደ ጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ሄዶ የፓንዘር ኃይልን በሚመለከት ሠራ። በ1939 ክራምፕኒትዝ በነበረው የፓንዘር ትምህርት ቤት ተመደበ።

ስለዚህ ጀርመን ፖላንድንና ፈረንሳይን ስትወር እሱ ትምህርት ቤት ነበር። ግንባር የወጣው በ1941 ሶቭየት ኅብረት ስትወረር ነው። ያኔም የተሰጠው ታንክ አልነበረም። በ7ኛው የፓንዘር ክፍለ ጦር ውስጥ በመኪና የሚጓዝ የእግረኛ ሻለቃ ነው የያዘው። ይህን የምለው «የታንክ መኮንን» ሲባል ሁሌ ከታንክ ቱሬት ላይ ብቅ ያለ ሰው የሚመስላቸው ስላሉ ነው። የፓንዘር ክፍለ ጦር ግማሽ ኃይሉ እግረኛ ነው። መድፈኛ አለው፣ መሐንዲስ አለው፣ ቃኚ አለው። ይህን ሁሉ አቀናጅቶ መምራት ነው ሙያው።

የኤስኤስ አባል ነበር?

አልነበረም። ኤስኤስ የናዚ ፓርቲ የራሱ ታጣቂ ኃይል ነው፤ ማንቶይፈል ግን የመደበኛው የምድር ጦር መኮንን ነበር። ግራ የሚያጋባው የታንከኞቹ ልብስ ነው። የጀርመን ታንከኛ ጥቁር ይለብሳል፤ ኮሌታው ላይ የራስ ቅል ምልክት አለው። ያንን ያየ ሁሉ ኤስኤስ ይለዋል። የራስ ቅሉ ግን ከድሮ የፕሩሲያ ፈረሰኞች የመጣ ነው። ጥቁሩም ጨርቅ የተመረጠው የዘይትና የግሪስ እድፍ ስለማያሳይ ነው። በጌም ታዋቂ የሆነው የታንክ አዛዥ ሚሻኤል ቪትማን ግን በእርግጥ ኤስኤስ ነበር።

ኤስኤስ አለመሆን ግን ንጽሕና አይደለም። ማንቶይፈል የገባበት 7ኛው ክፍለ ጦር በጁን 1940 በጄኔራል ሮምል ሥር ፈረንሳይ ውስጥ ሲዋጋ ኤሬን በምትባል ከተማ አንድ አፍሪካዊ ሻምበል ተገድሏል። ሻርል ንቾሬሬ ይባላል፤ የጋቦን ሰው ነው፤ የፈረንሳይ ጦር መኮንን ነበር። ከተማረከ በኋላ «መኮንን ነኝ፤ ከመኮንኖቹ ጋር ልሰለፍ» በማለቱ ተረሸነ። በዚያው አካባቢ እጃቸውን የሰጡ ሌሎች ጥቁር ወታደሮችም ተገድለዋል። ማንቶይፈል በዚያን ጊዜ ክፍለ ጦሩ ውስጥ አልነበረም። የገባበት ቤት ታሪክ ግን ይህ ነው፤ እኛ አፍሪካውያን አንባቢዎች ልናልፈው አይገባም።

ማዕረጎቹ ከእኛ ማዕረጎች ጋር እንዴት ይነጻጸራሉ?

እዚህ ላይ ብዙ የአማርኛ ጽሑፎች ይሳሳታሉ። የጊዜው የጀርመን ጦር ብርጋዴር ጄኔራል የሚባል ማዕረግ አልነበረውም። ስለዚህ ጀርመኖቹ «ጄኔራል ማዮር» ሲሉ የእኛን ብርጋዴር ጄኔራል ማለታቸው ነው። «ጄኔራል ሌውትናንት» የእኛ ሜጀር ጄኔራል ነው። «የፓንዘር ጦር ጄኔራል» ደግሞ ከሌተና ጄኔራል ጋር ይስተካከላል።

ማንቶይፈል በኦክቶበር 1941 ኮሎኔል ሆነ። በሜይ 1943 ብርጋዴር ጄኔራል፣ በፌብሩዋሪ 1944 ሜጀር ጄኔራል፣ በሴፕቴምበር 1944 ሌተና ጄኔራል ሆነ፤ ሁሉንም በእኛ አጠራር ነው ያስቀመጥኩት። የመጨረሻው ሹመት ለየት ያለ ነው። ክፍለ ጦር ይመራ የነበረ ሰው ኮር (ከክፍለ ጦር በላይ፣ ከጦር በታች ያለ ክፍል) ሳይመራ በቀጥታ 5ኛው የፓንዘር ጦር ተሰጠው።

የብረት መስቀል፣ የፈረሰኛ መስቀል፣ ጎራዴ፣ አልማዝ፤ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?

መሠረቱ የብረት መስቀል ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም 3ኛ በ1813 ከናፖሊዮን ጋር ሲዋጋ ያቋቋመው ነው። በወርቅ ፈንታ ብረት የሆነው አገሪቱ በችግር ላይ ስለነበረች ነው። ሁለት ደረጃ አለው። 2ኛው ደረጃ ይቀድማል፤ ከዚያ 1ኛው። 2ኛው ሲሰጥ ሪባኑ በቁልፍ ቀዳዳ ላይ ይታሰራል። 1ኛው ግራ ደረት ላይ በመርፌ ይያዛል። ማንቶይፈል ሁለቱንም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አግኝቶ ነበር።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ ፖላንድ በተወረረችበት ዕለት፣ ሂትለር የብረት መስቀሉን መልሶ አቋቋመ። መሀሉ ላይ የናዚዎቹን ምልክት ስዋስቲካን አስገባበት። ከላዩ ደግሞ አዲስ ደረጃ ጨመረ፤ ሪተርክሮይትስ ይባላል፤ የፈረሰኛ መስቀል ማለት ነው። እሱ የሚታሰረው አንገት ላይ ነው፤ ልክ ከኮሌታው ቁልፍ ሥር። ይህን የተሸለመ ሰው ባላባት አይሆንም። ስሙ ብቻ ነው እንደዚያ የሚለው።

ጦርነቱ ሲረዝም ደረጃ በደረጃ ላይ ተጨመረ። በ1940 የኦክ ዛፍ ቅጠል መጣ። በ1941 የተጣመሩ ጎራዴዎች፣ ከዚያም አልማዝ ተከተሉ። መስቀሉ ያው ነው። የሚለወጠው ከመስቀሉ አናት ላይ ያለችው የብር ቅጠል ናት፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ነገር። አልማዙ ቅጠሏና የጎራዴዎቹ እጀታ ላይ ይደረደራል። ተሸላሚው ውዱን በሳጥን አስቀምጦ የሚያስረው ሌላ ቅጂም ይሰጠው ነበር።

ቁጥሩን ካየን፣ የፈረሰኛ መስቀል የተሸለሙት ከ7,000 በላይ ናቸው። ቅጠሉ ወደ 890 ለሚጠጉ፣ ጎራዴው ወደ 160 ለሚጠጉ ሰዎች ተሰጠ። አልማዙ የደረሰው 27 ሰው ብቻ ነው። ማንቶይፈል 24ኛው ነው።

የመጀመሪያውን የፈረሰኛ መስቀል ለምን ተሸለመ?

ሞስኮ በር ላይ ለሠራው ነው። በኦገስት 1941 የ6ኛው የእግረኛ ሬጅመንት አዛዥ ሲሞት ማንቶይፈል ተተካ። ኖቬምበር 28 ንጋት ላይ ወታደሮቹ ያክሮማ ላይ የሞስኮ-ቮልጋን ቦይ ድልድይ ሳይፈነዳ ያዙና ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ተሻገሩ። ቦታው ከሞስኮ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ትልቅ የውኃ መሰናክል አልነበረም።

ግን የሚከተለው ጦር አልነበረም። ሶቭየቶች ወዲያው በአዲስ ጦር መልሰው አጠቁ። ማንቶይፈል በማግስቱ የያዘውን ለቆ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላ ትልቁ የሶቭየት መልሶ ማጥቃት ጀመረና ጀርመኖቹ ከሞስኮ ተገፉ። መስቀሉ የተሰጠው ዲሴምበር 31 ቀን 1941 ነው፤ ድልድዩ ከእጅ ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ።

ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ምን ሠራ?

በ1943 መጀመሪያ ቱኒዚያ ሄደ። ከዚህም ከዚያም የተሰበሰቡ ክፍሎች በእሱ ስም አንድ ክፍለ ጦር ሆኑ። ጣሊያኖችም ነበሩበት። በስተሰሜን ባለው ተራራማ የባሕር ዳርቻ ተዋጋ። ከዚያ ድካምና ሕመም ጣለውና ከግንባር ወጣ። በሜይ 1943 የቀረው ጦር ቱኒዚያ ላይ እጁን ሲሰጥ እሱ አልተማረከም።

የኦክ ቅጠሉና ጎራዴው የመጡት ከየት ነው?

ከዩክሬን። በኦገስት 1943 ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመልሶ የ7ኛው የፓንዘር ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነ። ጊዜው የማፈግፈግ ጊዜ ነው። ካርኮቭ ከጀርመኖች እጅ ወጣ፣ ሶቭየቶች ዲኒፐር ወንዝን ተሻገሩ፣ በኖቬምበር ኪየቭ ነፃ ወጣች። ሶቭየቶች ገስግሰው ዚቶሚርን ያዙ። ማንቶይፈል ትንሽ የታንክና የእግረኛ ቡድን ይዞ በማታ ከተማዋን መልሶ ያዘ። ኖቬምበር 23 የኦክ ቅጠሉ ተሰጠው፤ ቁጥር 332። በፌብሩዋሪ 1944 ጎራዴዎቹ ተከተሉ፤ ቁጥር 50።

የአመራር ዘዴው በእነዚህ ወራት በደንብ ይታያል። ከኋላ ሆኖ በስልክ አያዝም ነበር። ሬዲዮ ይዞ ፊት ይሄዳል፤ የሚያየውን አይቶ እዚያው ይወስናል። በዚህ ሙያው ጠላቶቹም መስክረውለታል። እኔም አልክድም። እነዚህ ሁለት ኒሻኖች ግን የሸፈኑት ጊዜ የተረሸነው ልጅ ጉዳይ ያለበት ጊዜም ነው። በኋላ እንመለስበታለን።

ታርጉ ፍሩሞስ የሚባለው ውጊያ ለምን ይጠቀሳል?

በሜይ 1944 ሩማኒያ ውስጥ የተደረገ የመከላከል ውጊያ ነው። ማንቶይፈል ያኔ ግሮስዶይችላንድ የተባለውን ምርጥ ክፍለ ጦር ይመራ ነበር። የሶቭየትን የታንክ ጥቃት ወደ ውስጥ አስገብቶ በመድፍና በተጠባባቂ ታንክ መታው። ስታሊን የሚባሉትን አዲስ ከባድ ታንኮች መጀመሪያ ያየው እዚያ ነው። በኋላ ሲናገር፣ ነብር የሚባሉት የእሱ ታንኮች ከሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ቢመቷቸውም ጥይቱ አልበሳ ብሎ ርቀቱን በግማሽ እስኪያሳጥሩ ድረስ እንደደነገጠ ተናግሯል።

ከጦርነቱ በኋላ ውጊያው በምዕራባውያን ወታደራዊ ትምህርት ቤቶች ተጠንቷል። ተመታ የተባለውን የታንክ ቁጥር ግን በጥርጣሬ አንብቡት። ታሪኩ ለረጅም ጊዜ የተነገረው በአንድ ወገን አፍ ነው።

እሱ ራሱ ስንት ታንክ መታ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ ነው የምጠየቀው። መልሱ፣ እንደዚያ አይቆጠርም ነው። ክፍለ ጦር የሚመራ ሰው ታንክ አይተኩስም። የግል ቁጥር ያላቸው ተኳሾችና የአንድ ታንክ አዛዦች ናቸው። ያም ቁጥር ቢሆን የተጋነነ ነው። የጀርመን ጦር የስለላ ክፍል ራሱ ከግንባር የሚመጣለትን ቁጥር ቀንሶ ነበር የሚይዘው።

ኒሻን ደግሞ ከቁጥር ጋር አይሄድም። ኩርት ክኒስፕል የሚባል የታንክ ተኳሽ 168 ታንክ ይቆጠርለታል፤ ከሁሉም በላይ ማለት ነው። የፈረሰኛ መስቀል ግን አላገኘም። ጦርነቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ሞተ። አፅሙ የተገኘው በ2013 ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ነው።

በአርዴን ውጊያ የነበረው ድርሻ ምን ነበር?

ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚህ ነው። ዲሴምበር 16 ቀን 1944 ጀርመኖች ቤልጂየምና ሉክሰምበርግ ውስጥ በአርዴን ደን በኩል የመጨረሻውን ትልቅ ጥቃት ከፈቱ። የሂትለር ሐሳብ ሜዝ ወንዝን ተሻግሮ አንትወርፕ ወደብ መድረስ ነበር። ማንቶይፈል መሀሉን ያዘ። እሱም፣ አለቃው ፊልድ ማርሻል ሞዴልም፣ የምዕራቡ ግንባር አዛዥ ሩንድሽቴትም ዕቅዱ ከአቅም በላይ መሆኑን ተናግረዋል። አነስ ያለ ዕቅድ አቀረቡ። ሂትለር አልሰማም።

ማንቶይፈል ዓላማውን ማስለወጥ ሲያቅተው አካሄዱን ለማስለወጥ ሞከረ። ከጥቃቱ በፊት የእግረኛ ኮሎኔል መስሎ ግንባር ወጣ። ጄኔራል መሆኑ እንዳይታወቅ ነው። ኡር ወንዝ ዳር ያሉትን ወታደሮች ጠየቀ፦ አሜሪካኖቹ ማታ ማታ ምን ያደርጋሉ? የነገሩት ቀላል ነገር ነው። ሲመሽ ይጠብቃሉ፤ ሌሊቱ ሲገፋ ወደ ቤት ገብተው ይተኛሉ፤ ሊነጋ ሲል ይመለሳሉ። በመሀል ያለው ሰዓት ባዶ ነው።

ዲሴምበር 2 በርሊን ውስጥ ሂትለር ፊት ይህን አስረዳ። የመጀመሪያው ዕቅድ ጠዋት 1:30 ላይ በመድፍ መደብደብ፣ ከዚያ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ማጥቃት ነበር። ማንቶይፈል ረጅሙ ድብደባ የተኛውን መቀስቀስ ነው አለ። እግረኛው በጨለማ፣ ከንጋቱ 11:30 ላይ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይግባ አለ። ብርሃንስ ከየት ይመጣል ቢባል፣ የፍለጋ መብራቶችን ወደ ደመናው እናበራለን፤ ደመናው መልሶ ያበራልናል አለ። ሂትለር ተስማማ።

በእሱ ግንባር ዘዴው ሠራ። ሽኔ አይፍል በሚባለው ኮረብታ ላይ የነበሩት ሁለት የአሜሪካ 106ኛ ክፍለ ጦር ሬጅመንቶች ተከበቡ። ዲሴምበር 19 ከ6,000 በላይ ሰው እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ሳንክት ፊት የመንገድ መገናኛ ናት፤ ቶሎ መያዝ ነበረባት። ብሩስ ክላርክ የሚመራው የአሜሪካ የታንክ ኃይል ቀናት አቆየው። ባስቶኝን 101ኛው የአየር ወለድ ክፍለ ጦር ያዘና አልለቅም አለ። ጀርመኖቹ ከበው እጅ ስጡ ቢሉ አዛዡ ማኮሊፍ በአንዲት የንቀት ቃል መለሰላቸው። ዲሴምበር 26 የአሜሪካው ጄኔራል የፓተን ታንኮች ከበባውን ሰበሩ።

የማንቶይፈል 2ኛ የፓንዘር ክፍለ ጦር ሴል የምትባል መንደር አጠገብ ደረሰ። ሜዝ ወንዝ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነበር የቀረው። ነዳጅ አለቀ። ሰማዩም ጠራና የአሜሪካና የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መጡ። ክፍለ ጦሩ በገና ሰሞን እዚያው ተመታ። በአርዴን ወደ 19,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ሞተዋል።

ማልሜዲ ላይ 84 የአሜሪካ ምርኮኞችን የረሸነው ቡድን ግን የኤስኤስ ነው፤ በሰሜን በኩል ባለው በ6ኛው ጦር ሥር ነበር። ይህን ከማንቶይፈል ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ስህተት ነው።

አልማዙስ?

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1945 ተሰጠው። ሶቭየቶች ኦደር ወንዝ ደርሰዋል፤ ከበርሊን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምዕራብ አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ ራይን ወንዝን ሊሻገሩ ነው። ከተሞች ይቃጠላሉ። እዚህ መሀል ሽልማቱ ቀጠለ። ከ27ቱ አልማዞች የመጨረሻዎቹ አምስቱ የተሰጡት በ1945 ነው። መንግሥት የሚሰጠው ሌላ ነገር ሲያልቅበት ይህ ቀረው።

ጦርነቱ ሲያልቅ የት ነበር?

በማርች 1945 የ3ኛው የፓንዘር ጦር አዛዥ ሆኖ ኦደር ላይ ተመደበ። በስሙ ፓንዘር ይባል እንጂ ታንኩ ጥቂት ነበር። በኤፕሪል መጨረሻ ግንባሩ ሲሰበር ጦሩን ወደ ምዕራብ አሸሸ። ትእዛዙ ቁሙና ተዋጉ የሚል ነበር። ፊልድ ማርሻል ካይተል መንገድ ላይ አግኝቶት ተቆጣ። ማንቶይፈል አልተመለሰም። ሜይ 3 ሃገኖው ላይ ለምዕራባውያኑ እጁን ሰጠ። ብዙ ወታደርና ስደተኛ ከሶቭየት እጅ ያመለጠው በዚህ ነው። እስከ 1947 እስረኛ ሆኖ ቆየ።

የተረሸነው ወታደር ጉዳይ ምንድን ነው?

ጃንዋሪ 1944፣ ዩክሬን፣ ሼፔቶቭካ አካባቢ። ማንቶይፈል የ7ኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ነው። የኦክ ቅጠሉ ከተሰጠው ሁለት ወር አልሞላውም። አንድ የ19 ዓመት ወታደር በፈሪነት ተከሰሰ። ፊት ላይ ባለ የጥበቃ ቦታ ላይ ነበር፤ ሶቭየቶች መጥተው ጓደኞቹን ሲወስዱ አልተኮሰም ተባለ።

የክፍለ ጦሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አየ። ሁለት ዓመት እስራት ፈረደ። ልብ በሉ፤ የናዚ ጊዜ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው። በዚያ ጦርነት እነዚህ ፍርድ ቤቶች ከ15,000 የሚበልጡ የራሳቸውን ወታደሮች አስገድለዋል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር የገደለው 48 ነበር። እንደዚህ ዓይነት ፍርድ ቤት እንኳ ይህ ልጅ ይኑር አለ።

ማንቶይፈል ፍርዱን አልተቀበለም። ልጁ እንዲረሸን አዘዘ። ተረሸነ።

ጉዳዩ 15 ዓመት ቆይቶ ተነሳ። በ1959 ዱሰልዶርፍ ውስጥ ማንቶይፈል ተከሳሽ ሆኖ ቀረበ። አዛዦች ዲሲፕሊን ሲፈርስ አፋጣኝ እርምጃ እንዲወስዱ የሚፈቅድ የሂትለር ትእዛዝ አለ ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አላመነውም። በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ብሎ 18 ወር እስራት ፈረደበት። ሙሉውን ሳይጨርስ ተፈታ።

ስለ ማንቶይፈል በሚወጡ ዝርዝሮች ይህ ጉዳይ ወይ አይኖርም፣ ወይ ከታች በአንድ መስመር ይጠቀሳል። የቅጠሉ ቁጥር፣ የጎራዴው ቀን ግን ሳይቀር ይጻፋል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ያክሮማ ላይ ድልድይ የያዘው ውሳኔና ሼፔቶቭካ ላይ ልጁን የገደለው ውሳኔ ከአንድ ራስ ነው የወጡት። ፈጥኖ መወሰን፣ ማንንም አለመጠበቅ። አንዱ አንገት ላይ ታሰረለት። ሌላው 15 ዓመት ፋይል ውስጥ ቆየ።

ከጦርነቱ በኋላ እንዴት ኖረ?

ፖለቲካ ገባ። ከ1953 እስከ 1957 የምዕራብ ጀርመን ፓርላማ አባል ነበር፤ በነፃ ዴሞክራቶች ፓርቲ ነው የተመረጠው። አዲሱ የጀርመን ጦር «ቡንደስቬር» እንዲባል ሐሳቡን ያቀረበው እሱ ነው ይባላል። አሜሪካኖቹ የቀድሞ ጠላታቸውን አከበሩት። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዋይት ሀውስ ጋብዞታል። ዌስት ፖይንት በሚባለው የአሜሪካ ጦር አካዳሚ ንግግር አድርጓል። ሳንክት ፊትን ከከለከለው ብሩስ ክላርክ ጋርም ተገናኝተው ስለዚያ ውጊያ አብረው ተናግረዋል። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1978 ኦስትሪያ፣ ቲሮል ውስጥ ሞተ።

እነዚህን ኒሻኖች ዛሬ ጀርመን ውስጥ ማድረግ ይፈቀዳል?

እንዳሉ አይፈቀድም፤ ስዋስቲካ ስላለባቸው። ምዕራብ ጀርመን በጁላይ 1957 ሕግ አወጣች። የቀድሞ ወታደር ያገኘውን ኒሻን ማድረግ ይችላል፤ ስዋስቲካው ግን መነሳት አለበት። በምትኩ አዲስ ቅጂ ተሠራ። መሀሉ ላይ እንደ 1813ቱ ሦስት የኦክ ቅጠሎች አሉት። ማንቶይፈል ዱሰልዶርፍ ላይ ዳኞች ፊት ሲቆም ሕጉ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነበር። መስቀሉን አንገቱ ላይ የማሰር ሙሉ መብት ነበረው።